ከወሊድ ፈቃድ በኋላ፦ ዋርድ ልመለስ ወይስ ቢሮ ልግባ?

ልጄን የወለድኩት ግንቦት ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ሥራ ተመለስኩ። ልጄ ገና ሦስት ወር ከምናምን ነበረች። እኔ ነርስ ነኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሕፃናት ዋርድ፣ ማለትም ታመው የተኙ ልጆች በሚታከሙበት ክፍል፣ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

ይህን የምጽፈው አሁን አራስ ቤት ሆናችሁ የፈቃዳችሁን ቀን በጣት ለምትቆጥሩ ነርሶች ነው። እኔ ያኔ የሚያማክረኝ ሰው አጥቼ ነበር። አንዱ "ቢሮ ግቢና ተገላገይ" ይለኛል። ሌላው "ስንት ዓመት የለፋሽበትን ሙያ ትተሽ ወረቀት ልታገላብጪ ነው?" ይለኛል። የሁለቱም ምክር ከእኔ ቤት ጋር አልገጠመም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። የወሊድ ፈቃዴ 120 ቀን ነበር። 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። በሌላ በኩል እኛው ነርሶች እናቶችን ስናስተምር "እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውኃ እንኳ እንዳትሰጪ" እንላለን። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጅቷ ሦስት ወሯ ነው። የቀረውን ሦስት ወር እንዴት እንደምሻገረው ቀድሜ አላሰብኩበትም። የዓመት ፈቃዴንም እርግዝናው ላይ ማስታወኩ ሲበዛብኝ ጨርሼው ነበር። እርጉዝ የሆናችሁ ካላችሁ እባካችሁ ያንን ፈቃድ አትንኩት። የታመማችሁ ቀን የሕክምና ፈቃድ ጠይቁ። 20 የሥራ ቀን ያላት ሰው ከወሊዱ ጋር ብትቀጥለው ከነቅዳሜና እሁዱ አንድ ወር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለሦስት ወር ልጅ አንድ ወር ብዙ ነው።

በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ናይት፣ የሌሊት ተራ፣ ደረሰኝ። እኛ ጋ ናይት የሚገባው ከምሽቱ 11:30 ነው፤ የሚወጣው ጠዋት 2:30። 15 ሰዓት ማለት ነው። ነሐሴ ደግሞ የሳንባ ምች ወር ነው፤ ኦክስጅን ላይ ያሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። ዋርዱ ውስጥ ሁለት ነርሶች ነን።

ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ዕቃ ክፍል ገባሁ። በሩ ስለማይቆለፍ በወንበር ደገፍኩትና በእጄ አለብኩ። ወደ አንድ ብርጭቆ ገደማ ወጣ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የት ላስቀምጠው? ዋርዱ ውስጥ ያለው ፍሪጅ የመድኃኒት ነው፤ ምግብ አይገባበትም። ለተማሪዎች ይህን ደንብ የምነግረው እኔው ነኝ። የታለበ ወተት ፍሪጅ ከሌለ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። እኔ ቤት እስክደርስ ከ10 ሰዓት በላይ አለ። ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ነጭ ሆኖ ሲወርድ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ እጄን ታጥቤ ኤፍ-75 ልበጥብጥ ሄድኩ።

ለማታውቁት፣ ኤፍ-75 በከባድ የምግብ እጥረት ለገቡ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጥ ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ አለው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በየሦስት ሰዓቱ፣ በቀን ስምንት ጊዜ ይሰጣል። እነዚህ ልጆች ሰውነታቸው ውስጥ የተረፈ ጉልበት የላቸውም። አንድ የሌሊት ምግብ ከተዘለለ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ገላቸው ይቀዘቅዛል። በዚያ ምክንያት ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ የሌሊቱ ምግብ ከቀኑ አያንስም። እያንዳንዱ ከተሰጠ በኋላ መልቲቻርት በምንለው ትልቅ ወረቀት ላይ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት ይደረጋል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ድንገተኛ ክፍል የገባ ልጅ ልታመጣ ወጥታለች። እኔ የወተቱን ኩባያ ይዤ ከአልጋ አልጋ እሄዳለሁ። ጥግ ላይ አንድ ሕፃን አለቀሰ። የረሃብ ልቅሶ ነው፤ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ። ጡቴ ያንን ድምፅ ሰማና ፈሰሰ። የልጄ ድምፅ አይደለም፤ ሰውነቴ ግን አይለይም። ጋውኔ ከፊት ለፊት ራሰ።

የሕፃኑ እናት አየችኝ። ከገጠር የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። በኦሮምኛ "ልጅሽ ስንት ወሯ ነው?" አለችኝ። "ሰዲ" አልኳት። ሦስት። ምንም አላለችም። ከዘንቢሏ ንጹሕ ፎጣ አወጣችና ደረቴ ላይ አደረገችልኝ። ልጇ በቱቦ የሚመገብ፣ ጡቷ የደረቀባት እናት ናት። እኔ ደግሞ ከአምስት ሰዓት በፊት ወተት ደፍቻለሁ። ይህን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

በዚያ ሌሊት አንዱን ልጅ 9 ሰዓት ላይ መመገብ ሲገባኝ የደረስኩለት 10 ተኩል ላይ ነው። ስኳሩን ለካሁት፤ ደህና ነበር። ሳጥኗን ግን ባዶ ተውኳት። የ9 ሰዓቱን ሰጥቻለሁ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

እንዲህ አምስት ሳምንት ሠራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ወተቴ መቀነስ ጀመረ። ወተት የሚያሠራው ሆርሞን በሌሊት ነው ከፍ የሚለው። ሌሊት የማታጠባና የማታልብ እናት ወተቷ ቢቀንስ የሚገርም ነገር የለውም። ይህንን ተምሬዋለሁ፤ በራሴ ላይ ሲደርስ ግን "እኔ ምን ሆኜ ነው?" እያልኩ ራሴን እወቅስ ነበር። እናንተ እንደዚያ አትሁኑ።

ቤት እናቴ ነበረች። ለአራስነቴ ከአጋሮ መጥታ ገንፎውንም አጥሚቱንም እሷ ናት ያየችው። ቀን የታለበውን ወተት በሲኒ ታጠጣልኛለች። እሷ መጀመሪያ "ጡጦ ግዢላት" ስትለኝ ነበር። እኔ የጡጦ ጫፍ ለማጽዳት እንደሚያስቸግር ስለማውቅ፣ የተቀቀለ የቡና ሲኒ ይሻላል ብዬ አሳየኋት። ልጅቷን ቀና አድርጎ ይዞ ሲኒውን ከከንፈሯ ማስነካት ነው፤ ራሷ እየላሰች ትወስዳለች። ወተቱን እሳት ላይ ማሞቅ የለም፤ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ዕቃውን ማቆየት ይበቃል። ቤት ፍሪጅ ካላችሁ ከኋላ በኩል፣ በደንብ በሚቀዘቅዝበት ቦታ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በሩ ላይ አታስቀምጡት። ጠጥታ የተረፈውን መልሳችሁ አታስቀምጡ።

እናቴ ግን የቡና ሰው ናት። ጥቅምት ሲገባ ለቀማ ይጀመራል። የዓመት ገቢዋ ያ ነው። "ልጄ፣ ቡናው መሬት ሊወድቅ ነው" ስትለኝ ቅሪ ልላት አልቻልኩም።

ሄድ ነርሳችንን፣ የዋርዱን ነርሶች ኃላፊ፣ አነጋገርኳት። ትልቅ ሰው ናት፣ ሁላችንንም ያሳደገች። "ሲስተር፣ ለጥቂት ወር ናይት ቢቀንሱልኝ" አልኩ። "የኔ ልጅ፣ እኔም እያጠባሁ ነው የሠራሁት፤ ያለፍኩበትን አውቀዋለሁ" አለችኝ። ፕሮግራሙን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ያንቺን ናይት ለማን ልስጠው? ጣትሽን አስቀምጪበት።" ስሞቹን አየኋቸው። አንዷ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። አንዷ የሁለት ልጆች እናት ናት። አንዱ ሁለት ሰው የሌለበትን ቦታ ሸፍኖ ይሠራል። ጣቴን ማስቀመጥ አልቻልኩም። ክፋት አልነበረባትም፤ ሰው የለም። ሆኖም የሚያጠቡ እናቶች ጉዳይ በአንድ ሄድ ነርስ ደግነት መንጠልጠል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ማለቢያ የሚሆን የሚቆለፍ ክፍልና አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ቢኖር የእኔ ታሪክ ግማሹ አይኖርም ነበር።

በዚያው ሰሞን ጥራት ክፍል ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ካርድ መገምገም፣ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ስብሰባ። ከ2:30 እስከ 11:30፤ ናይት የለም፤ ቅዳሜና እሁድ የለም።

ከባለቤቴ ጋር ማታ ቁጭ ብለን ወረቀት ላይ ጻፍነው። እሱ መምህር ነው፤ ሰንጠረዥ ይወዳል። የዱቲ፣ የተረኝነት፣ ክፍያው ይቀራል፤ ለእኛ ቤት እሱ ቀላል አይደለም፣ የቤት ኪራያችንን የሚሸፍነው እሱ ነበር። በአንጻሩ የናይት ባጃጅ ይቀራል፤ ለማታ የምትቆይ ልጅ ያዥ መቅጠር ይቀራል። ስንደምረው የሚጎድለን ገንዘብ አለ፤ ግን እንደፈራነው አልነበረም። እናንተም ሳትጽፉት አትወስኑ። በጭንቅላት ሲሰላ ወይ ይጋነናል ወይ ይረሳል። ደግሞ ከናይት በወጣችሁበት ጠዋት አትወስኑ። እኔ ሥራውን ጨርሶ ለመልቀቅ ማመልከቻ የጻፍኩት እንደዚያ ባለ ጠዋት ነው። ባለቤቴ "ተኚና ከሰዓት እናየዋለን" ብሎ ኪሱ ከተተው። ከሰዓት ሳነበው የራሴ ጽሑፍ አልመስል አለኝ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ቢሮ ስትገቡ መደባችሁን አትልቀቁ። እኔ የጠየቅኩት ዝውውር አይደለም። "የሥራ መደቤ እንደተጠበቀ ሆኖ ለአንድ ዓመት በጊዜያዊነት" ብዬ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱንም በግልጽ ጻፍኩ፤ የማጠባ መሆኔን፣ የልጄን ዕድሜ፣ የምመለስበትን ወር። ከሰው ኃይል የወጣው የመጀመሪያ ደብዳቤ ግን "ተዛውራለች" ይላል። በቃ ችግር የለውም፣ ያው ነው አሉኝ። ያው አይደለም። ሦስት ቀን ተመላልሼ አስተካከልኩት። ሰው ሲቀየር፣ አለቃ ሲቀየር የሚተርፈው ወረቀቱ ነው። ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። አበልና ጥቅማጥቅም ላይ ምን እንደሚቀየርም ፊርማ ከማስፈራችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ቢሮ የገባሁት ጥቅምት ላይ ነው። ቤታችን ኮቺ ነው፤ በባጃጅ ቅርብ ነው። ምሳ ሰዓት እሮጥና አጠባለሁ። በተለይ አርብን እወደው ነበር። አርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ አጥብቻት፣ እቅፌ ውስጥ አስተኝቻት፣ ትንሽ ቡና ቀምሼ እመለሳለሁ። ጎረቤታችን እማማ አርብ አርብ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል። እናቴ አጋሮ ከተመለሰች በኋላ ቀን ቀን ልጅ ያዧን በዓይናቸው የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። ወተቴ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ልጄ ስድስት ወር እስክትሞላ ከጡት ሌላ ምንም ሳትቀምስ ደረሰች።

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ የቢሮው ወንበር ቆረቆረኝ። ኮሪደር ላይ የዋርድ ጓደኞቼን ሳገኝ ፊታቸው ላይ ድካሙ ይታየኛል። አንዷ "አንቺማ ተገላገልሽ" አለችኝ። ክፉ ብላ አልነበረም። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዋርድ የሸሸሁ መሰለኝ።

ያ ስሜት የተለወጠው በካርድ ነው። አንድ ቀን የምግብ እጥረት ክፍሉን ካርዶች እንድገመግም ተሰጠኝ። 40 መልቲቻርት ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ። የምሠራው ባዶ ሳጥን መቁጠር ነው። ነርሲንግ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። ጠዋት 3 ሰዓት ሞልቷል። ቀን 6 ሰዓት ሞልቷል። ማታ 12 ሰዓትም ደህና ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስደርስ ባዶ። ቀጣዩ ካርድ፣ 9 ሰዓት፣ ባዶ። ካርዶቹን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ነሐሴ ላይ ደረስኩ። ከባዶዎቹ አንዷ የእኔ ነበረች። ዙሪያዋን ፊርማዬን አየሁት፤ መሃል ላይ ነጭ ሳጥን።

ዋርድ ውስጥ ሳለሁ ያ ሳጥን የእኔ ድካምና የእኔ ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ሳየው የሁላችንም ነው። ሁሉም ሰው የሚጎድለው በአንድ ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱን ቢሮ ውስጥ ካሉት የማውቀው እኔ ነበርኩ። 9 ሰዓት ላይ አንዷ ነርስ አዲስ ልጅ ልትቀበል ትወጣለች፣ ወይም ደም ልታመጣ ትሄዳለች። የቀረችው ብቻዋን ናት። እናቶቹ ተኝተዋል፤ ያንን ሰዓት እንዲጠብቁ የነገራቸው የለም። ሪፖርቱ ላይ "የነርሶች ቸልተኝነት" የሚል ቃል እንዳይገባ ተከራከርኩ። በምትኩ ሦስት ነገር ሐሳብ አቀረብኩ። ሌሊት 8 ተኩል ላይ ከሁለቱ ነርሶች አንዷም ከክፍሉ እንዳትወጣ። ወረቀቱ ነርስ ጣቢያ መሆኑ ቀርቶ አልጋው ላይ እንዲንጠለጠል። እናቶች ሲገቡ ሰዓቱ እንዲነገራቸውና ቢዘገይ ነርሷን ያለ ፍርሃት እንዲቀሰቅሱ። ሰው መጨመር የሚለውንም ጻፍኩ፤ እሱ እስካሁን መልስ አላገኘም። ሌሎቹ ተሞከሩ። ሳጥኖቹ ሁሉም አልሞሉም፤ ግን በዓይን የሚታይ ለውጥ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት የማውቃት ነርስ ከወሊድ በኋላ እንደኔ ዋርዱ ከብዷት ቢሮ ገባች። እሷ ግን ቢሮም አልተሻላትም። እንቅልፍ የለም፤ ልጇን ማቀፍ አስጠላት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሆደ ባሻነት አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ የሥራ ቦታ ጉዳይ አይደለም፤ ሕመም ነው፤ ይታከማል። እሷ ታክማ ዛሬ ደህና ናት። ነርስ ስለሆንን ራሳችንን አናይም። ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ የመጣባት እናት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ የለባትም፤ በዚያው ሰዓት ሰው ይዛ ወደ ሕክምና ትሂድ።

እጄ እንዳይረሳ ፈራሁ። የሕፃን ደም ሥር ማግኘት ካልሠራችሁት ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ አለቃዬን አስፈቅጄ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ዋርድ እየወረድኩ ልጆች ስመዝን፣ ደም ሥር ውስጥ የምትገባዋን ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላ፣ ሳስገባ ቆየሁ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለእጄም ለልቤም ጠቀመኝ። ከዋርድ ጓደኞቼ ጋር የቀረው ቅሬታም በዚያው ቀለለ።

ዓመቱ ሲሞላ ቢሮው እንድቀር ጠየቀኝ። ተረጋግቼ አሰብኩበት። ልጄ 17 ወሯ ነው፤ እንጀራ በወጥ ትበላለች፤ ሌሊት የምትነቃው አንድ ጊዜ ነው፤ አባቷም ያስተኛታል። ሌሊቶቼን እንደ በፊቱ አትፈልጋቸውም። ያቺን የተስተካከለች ደብዳቤ ይዤ ሰው ኃይል ገባሁ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ መለሱኝ።

በቅርቡ አንዲት የዋርዳችን ልጅ ወልዳ ልትመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ቤቷ ሄድኩ። ደብዳቤውን ቅጂ ወሰድኩላት። አንብባ ጨረሰችና "እኔ ግን ዋርዱን አልለቅም" አለችኝ። እናቷ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚኖሩት። ባለቤቷ የራሱ ባጃጅ አለው፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ልጁን አምጥቶ በር ላይ ታጠባዋለች። የዱቲው ገንዘብም በጣም ያስፈልጋቸዋል። ወረቀት ላይ ጽፈነው አየነው፤ ልክ ናት። "ታዲያ ደብዳቤው?" አልኳት። "ይቀመጥ፣ ክረምት ሲመጣ ባጃጁ ላይ ሕፃን ማመላለስ ካቃተን እጽፈዋለሁ" አለችና የልጇ ካርድ ውስጥ አጥፋ አስገባችው።